ሰባት ሲዲ በአንድ ዲቪዲ፦ የድሮ ጌሞችን መጠቅለል ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጠፋል?

እ.ኤ.አ. በ1995 ሲየራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋንታስማጎሪያ የተሰኘውን የኮምፒውተር ጌም ሲያወጣ፣ ካርቶኑ ውስጥ ሰባት ሲዲዎች ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ዊንግ ኮማንደር 3 አራት ሲዲ ነበረው። በ1996 የመጣው ተከታዩ ወደ ስድስት አደገ፤ በ1997 የወጣው ሪቨን ደግሞ አምስት ነበር። ለምን ይህን ያህል በዛ? ዋናው ምክንያት ቪዲዮ ነው። እውነተኛ ተዋንያን በካሜራ እየተቀረጹ ጌም ውስጥ መግባት ሲጀምሩ አንድ ሲዲ አልበቃ አለ። ተጫዋቹም ጨዋታው መሀል ላይ እያቆመ ሲዲ ማውጣትና ማስገባት ሥራው ሆነ።

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል መፍትሔው የተገኘ መሰለ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የ74 ደቂቃ ሲዲ በሰከንድ 75 ክፍልፋዮች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ 2048 ባይት ዳታ ይይዛል። ሲባዛ ወደ 682 ሚሊዮን ባይት ይመጣል። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ቢሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ስድስት ሙሉ ሲዲ ይገባል፣ ቦታም ይተርፋል። ሰባት ከሆነ ግን 4.77 ቢሊዮን ይሆንና ለጥቂት ያልፋል። ደግነቱ በተግባር ሲዲዎቹ ሁሉ ጢም ብለው አይሞሉም፤ በዚያ ላይ አንዳንድ ፋይሎች በየሲዲው ይደጋገማሉ። ድግግሞሹን ካስወገዳችሁ ጠባብ የመሰለው ቦታ ይሰፋል።

አንዳንድ አሳታሚዎች ይህን ራሳቸው ሠርተውታል። ሪቨን በአንድ ዲቪዲ ወጥቷል። ዊንግ ኮማንደር 4 ደግሞ ከዚያም አልፏል፦ መጀመሪያውኑ በፊልም የተቀረጸ ስለነበር፣ የዲቪዲው እትም ከሲዲው የጠራ ቪዲዮ ይዞ ቀረበ። ልብ በሉ፣ ስድስቱን ሲዲዎች ቤታችሁ ብትጠቀልሏቸው ይህን ጥራት አታገኙም። የምታገኙት ያንኑ የተጨመቀ ቪዲዮ ነው፣ ያለ ሲዲ መቀያየር።

ዲቪዲ ያላገኙትን ጌሞች የመጠቅለሉ ሥራ ለተጫዋቾች ቀረ። ሁሉንም ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ገልብጦ ማቃጠል ነው፣ በቃ፤ እንዲህ ይመስላል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው የስም መመሳሰል ነው። ሁለት ሲዲዎች ላይ ስማቸው አንድ፣ ይዘታቸው ግን የተለያየ ፋይሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሳታመዛዝኑ ከገለበጣችሁ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሳል። ጌሙ ያለችግር ይነሣል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው። በስም ብቻ ሳይሆን በይዘት ማነጻጸር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማንነት ነው። ብዙ ጌሞች ትክክለኛው ሲዲ መግባቱን የሚያረጋግጡት ዲስኩ ላይ በተመዘገበው ስም ወይም በአንድ ምልክት ፋይል ነው። አንድ ዲቪዲ ደግሞ አንድ ስም ብቻ አለው፤ ሰባት ሲዲ ነኝ ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአምስት ሲዲ የወጣው ባልደርስ ጌት በዚህ በኩል ደግ ነበር፦ የሲዲዎቹ አድራሻ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ስለሚቀመጥ አምስቱንም ወደ አንድ ቦታ መምራት ይቻላል። ይህን የማይፈቅዱት ጌሞች ፕሮግራማቸው ራሱ ካልተነካ አይሆኑም። በ2001 የተጀመረው ስካምቪኤም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሌላ መንገድ መረጠ፤ የጌሙን የመጀመሪያ ፕሮግራም ትቶ የዳታ ፋይሎቹን በራሱ ሞተር ያነባል።

ሦስተኛው ሙዚቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። በ1996 የወጣውን ኩዌክን ውሰዱ። ጌሙ አንድ ሲዲ ብቻ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ይሠራል። ትሬንት ሬዝነር የደረሰው ሙዚቃ ፋይል ሆኖ አልተቀመጠም፤ ልክ እንደ ዘፈን ሲዲ በትራክ የተቀዳ ነው። ጌሙ ሲዲ ማጫወቻውን "ይህን ትራክ አጫውት" ብሎ ያዝዘዋል። ፋይሎቹን ብቻ ስትገለብጡ ትራኮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ የዳታ ዲቪዲም እንዲህ ዓይነት የድምፅ ትራክ የለውም። ጌሙ ይሠራል፣ ሙዚቃ አልባ ሆኖ። ዋናውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የጎደለ ነገር እንዳለም አይጠረጥር።

የሕግ ጉዳይም አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የቅጂ መከላከያን ማለፍ ከለከለ። ይሁንና በ2003 ጊዜ ባለፈባቸው ቅርጸቶች የወጡና ያለ ዋናው ዲስክ ወይም መሣሪያ የማይከፈቱ ፕሮግራሞችና ጌሞች ላይ የተወሰነ ፈቃድ ተሰጠ። ዋናው ዲስክ ሲበላሽ ሥራው አብሮት እንደሚሞት ፈቃዱን የሰጡትም ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ መጠቅለል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ለመጫወት ጥሩ ነው። ለታሪክ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የተጠቀለለው ቅጂ እርማት የገባበት አዲስ እትም ነውና። የትኛው ፋይል እንደተደመሰሰ፣ የትኛው የፕሮግራም መስመር እንደተለወጠ ራሱ አይናገርም። ስለዚህ የድሮ ጌም እጃችሁ ላይ ካለ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሲዲ ሙሉ ምስል፣ የድምፅ ትራኮቹን ጨምሮ ቅዱ። ከዚያ ከቅጂው ላይ ጠቅልሉ። የቀየራችሁትንም አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ አስፍሩ። በመጨረሻም ሁሉንም ዲቪዲው ላይ ብቻ አትተዉት፤ ቤት ውስጥ የሚቃጠል ዲቪዲ ዳታውን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ላይ ነው፣ ያ ቀለም ደግሞ ያረጃል። ሌላ ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር። ሲዲዎቹንም አትጣሏቸው፤ የቅጂው ትክክለኛነት ሲያጠራጥር ዳኛው ያው ዋናው ዲስክ ነው።