ኔቫዳ ስለ ዩካ ተራራ እምቢ ያለችበት ዜና

በዚህ ዜና የሚነገረው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሮናልድ ሬገን በአሜሪካ መንበር ከተቀመጡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1983፣ የኑክሌር ዝቃጭ የሚቀበርበትን ሕግ በፊርማቸው አጸኑ። የኃይል ማመንጫዎቹ የነደደውን ዩራኒየም የሚጥሉበት አጥተው በየግቢያቸው በውኃ ገንዳ አኑረውት ነበርና። ሕጉም መንግሥት ከጃንዋሪ 31 ቀን 1998 ጀምሮ ዝቃጩን እንዲረከብ አዘዘ። ለወጪው ከኑክሌር ከሚመነጨው ከእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሳንቲም አንድ አሥረኛ ተቆረጠ።

በ1986 ሦስት ስፍራዎች ታጩ፤ በቴክሳስ ዴፍ ስሚዝ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሃንፎርድ፣ በኔቫዳም ዩካ ተራራ። ዩካ ከላስ ቬጋስ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በሰሜን ምዕራብ ይርቃል፤ ከአቶሚክ ቦምብ መሞከሪያው ምድር ጋር ይዋሰናል። በዚያ መሞከሪያ ከ1951 እስከ 1992 ድረስ 928 ፍንዳታ ተደርጓል፤ ከእነዚህም 100ው በአየር ላይ ነበሩ። ለሕዝቡ ግን «አትስጉ» ይባል ነበር። ምድሪቱም የሾሾን ሕዝብ በ1863 በሩቢ ሸለቆ ውል የተዋዋሉባት ናት፤ እነርሱም መሬታችንን አልሰጠንም ይላሉ። ይህን የማያውቅ ሰው የኔቫዳን ቁጣ አያውቅም።

በ1987 በጋ የኔቫዳ ምክር ቤት እንግዳ ነገር አደረገ። ተራራውን ከነዙሪያው ከናይ ወረዳ ቆርጦ ቡልፍሮግ የሚባል አዲስ ወረዳ አቆመ። በዚያ ወረዳ አንድም ነዋሪ አልነበረም። መቀመጫውም በሩቅ ያለችው የክፍለ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ካርሰን ሲቲ ሆነች። አስተዳዳሪዎቹንም አገረ ገዥው ሪቻርድ ብራያን ይሾሟቸው ዘንድ ተደነገገ። ይህ የተደረገው የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ተራራው የሚከፍለው ገንዘብ ወደ ናይ ወረዳ ሳይሆን ወደ ክፍለ ግዛቲቱ እንዲገባ ነበር። የናይ ወረዳ ሰዎችም ተቆጥተው ከሰሱ፤ ዳኛውም በ1988 አዲሱ ወረዳ ሕገ መንግሥትን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ኔቫዳ በዚህ ነገር የራሷን ወገን በድላለች፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ዜናው እውነት አይሆንም።

በ1987 ዲሴምበር ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ ቴክሳስንና ዋሽንግተንን ተዋቸው፤ ከዩካ በቀር ሌላ ስፍራ አይጠና አለ። በዚያን ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የቴክሳሱ ጂም ራይት፣ የብዙኃኑ መሪም የዋሽንግተኑ ቶም ፎሊ ነበሩ። ኔቫዳ በዚያ ምክር ቤት ሁለት ድምፅ ብቻ ነበራት፤ ከሴናተሮቿም አንዱ ሃሪ ሪድ መንበራቸውን ከያዙ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ጥናቱ ሳያልቅ ፍርዱ ተሰጠ። በግዛቷ አንድም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሌላት ክፍለ ግዛት የሌሎችን ዝቃጭ ለሺህ ዓመታት ተሸከሚ ተባለች። ይህ ግፍ ነው።

ኔቫዳም በ1989 ከፍተኛ ጨረር ያለውን ዝቃጭ በግዛቷ ማኖር ወንጀል ነው ብላ ሕግ አወጣች። በ1992 ጁን ከተራራው አጠገብ 5.6 የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ፤ የሥራውን ቢሮ ሕንፃም ጎዳ። በ1996ም ተመራማሪዎች ለጥናት በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ ከቦምብ ሙከራ ዘመን የመጣ ክሎሪን 36 አገኘን አሉ፤ የዝናቡ ውኃ በ50 ዓመት ውስጥ ወርዷል ማለት ነው። ሌሎች ቢከራከሩበትም ሥጋቱ አልጠፋም። መሐንዲሶቹም ውኃው እንዳይንጠባጠብ በሺህ የሚቆጠሩ የታይታኒየም ጋሻዎች በዝቃጩ ሣጥኖች ላይ እናቆማለን አሉ። በ2000 የኔቫዳ የውኃ ሹም ለሥራው የሚሆን ውኃ ከለከለ።

በ2002 ፌብሩዋሪ ፕሬዚዳንት ቡሽ ዩካን መረጡ። አገረ ገዥው ኬኒ ጊን ሕጉ በሰጣቸው ሥልጣን ኤፕሪል 8 ቀን እምቢታቸውን ላኩ። ነገር ግን ያው ሕግ ሁለቱ ምክር ቤቶች በተራ ድምፅ ይሽሩት ዘንድ ፈቅዶ ነበርና፣ በተወካዮች 306 ለ117፣ በሴኔትም 60 ለ39 ሻሩት። ኔቫዳ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። በ2004 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለ10,000 ዓመት ብቻ የተወሰነውን የጨረር መመዘኛ ውድቅ አደረገ፤ ከዚያም መመዘኛው እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ተዘረጋ።

ሃሪ ሪድ በ2007 የሴኔቱ ብዙኃን መሪ ሆኑ፤ በጀቱም ይቀነስ ጀመር። የፈቃዱ ማመልከቻ በ2008 ቢገባም የኦባማ መንግሥት በ2010 ሊያነሣው ጠየቀ፤ ገንዘቡም ቆመ። በ2012 ስለዚህ ነገር የተቋቋመ የአገሪቱ አጣሪ ጉባኤ ከእንግዲህ ስፍራ የሚመረጠው በነዋሪው ፈቃድ ይሁን ብሎ መከረ። ይህ ምክር ከ25 ዓመት በፊት ተሰምቶ ቢሆን ብዙ ገንዘብና ዘመን ባልባከነ ነበር።

በ2018 የፌዴራሉ መንግሥት ግማሽ ቶን ፕሉቶኒየም ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ኔቫዳ በስውር አጓጉዞ ነበር፤ ነገሩ የተገለጠው ኔቫዳ ይህን ለማስቀረት ስትከራከር ሳለች በ2019 ነው። በላስ ቬጋስ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን ታሪክ ዕወቁት፤ ዝቃጩ ቢመጣ በከተማችሁ አቅራቢያ ሊያልፍ ይችላልና።

ዝቃጩ እስከ ዛሬ በየማመንጫው ግቢ ነው። የ1987ቱ ሕግ ግን አልተሻረም።