ከለቡ እስከ ስድስት ኪሎ፤ የሦስተኛ ዲግሪ መንገድ

ጧት 12 ሰዓት ለቡ መብራት ኃይል የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ የማርመው የተማሪዎች ፈተናና አላልቅ ያለኝ የዶክትሬት ጽሑፌ። ከዚህ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ስድስት ኪሎ። መንገዱ ሲረዝምብኝ ከኔ በፊት የነበሩት የሄዱበትን አስባለሁ። የማጠናውም እሱኑ፣ የግቢያችንን ታሪክ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ዶክትሬት የባሕር ማዶ ነገር ነበር። በ1961 ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሰጠውም ያው ነበር። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1968፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ዶክትሬታቸውን የያዙት ለንደን ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ ለመጻፍ ለንደን መሄድ! ግን ምን ይደረግ፤ በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹም የሚገኙት እዚያው ነው። ሁለቱም ተመልሰው እኛን የሚያስተምሩትን አስተማሩ። የሄደ ሁሉ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ አገር ውስጥ ማስተማር ግድ ሆነ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ በ1978 ተቋቋመ፣ የዶክትሬት ፕሮግራም ደግሞ በ1987 ተጀመረ። ዛሬ ሥርዓቱ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ኮርስ፣ ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ ፕሮፖዛል፣ በመጨረሻ ጽሑፉንና ዲፌንሱን።

ኮርሱ ላይ ጓደኛ አለ፤ ፈተናውም ቀን አለው። ሰው የሚቀረው ከፕሮፖዛል በኋላ፣ ብቻውን ሲሆን ነው። ለንደን የሄዱት ናፍቆት ነበረባቸው፣ ጊዜያቸው ግን የጥናት ነበር። እኛ ቤታችን ሆነን እንማራለን፤ ቤቱም አይለቀንም። ማስተማር አለ፣ ልጅ አለ፣ ለቅሶና ዕድር አለ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አሁንም ተማሪ ነሽ?» ትለኛለች። አምና ልተወው ወስኜ ነበር። የመለሰኝ አንድ የቀድሞ ምሩቅ ነው፤ የተማሪነት ዘመናቸውን ደብዳቤዎች በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። «እኔ ጋ አይጥ ከሚበላው አንቺ አንብቢው» አሉኝ። ሦስተኛው ምዕራፌ ከዚያ ካርቶን ወጣ።

ውድ ምሩቃን፣ በዚህ በዓል የምንጠይቃችሁ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ አሮጌ ወረቀት ካላችሁ አትጣሉት። መምህራኖቻችንም አንድ ምዕራፍ ቶሎ አንብባችሁ መልሱልን። ለንደን ድረስ የተሄደበት ነገር አሁን ደጃችን ነው፤ ደጃችን ላይ እንዳይቀር።