«ጭማሪ» ወይስ «የለውጥ ቅጂ»?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ኮምፒውተሮቻቸውን በኔትወርክ ባገናኙ ቢሮዎች «ባክአፕ» የዕለት ቃል እየሆነ ነው፤ «መጠባበቂያ» ብንለው ከ«ጠበቀ» ስለሚወለድ ያምራል። የሚያሳስበኝ «ኢንክሪመንታል» የሚለው ቅጽሉ ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን ማደግን፣ መጨመርን ያመለክታል፤ ስለዚህ «ጭማሪ ቅጂ» ማለት ይቀናናል። ግን ያሳስታል። የቡሬዋ በርበሬ ሻጭ ጭማሪ ስታደርግልን የተመዘነው እንዳለ ሆኖ አንድ እፍኝ ይታከልበታል። ኮምፒውተሩ ግን ካለፈው ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ፋይል ይወስዳል። በብዙ ፕሮግራሞች አንድ መስመር ብቻ የታረመበት የ20 ጊጋባይት ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ ስሙ የተቀየረ ፎልደርም እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል። ቅጂው ሳይታሰብ ሲገዝፍ «ምን ተጨመረ?» ብሎ የሚፈልግ ባለሙያ መልሱን አያገኝም፤ «ምን ተነካ?» ብሎ የጠየቀ ግን ይደርስበታል። ስለዚህ «የለውጥ ቅጂ» እንበለው። «ቅጂ» ከ«ቀዳ» የመጣ ነው፤ ውሃም ጽሑፍም ይቀዳልና። ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ የሚይዘው «ዲፈረንሻል» ደግሞ «የተጠራቀመ ለውጥ ቅጂ» ቢባል ሁለቱ አይምታቱም።