የሕፃናት ተቅማጥ እና የአንጀት ባክቴሪያ፦ አዲስ አበባም ያለችበት ታሪክ

እዚህ ብስራተ ገብርኤል ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ «ዶክተር፣ ባክቴሪያ ነው አይደል? አንቲባዮቲክ ይታዘዝለት» ይላሉ። ሽሮፑን ከፋርማሲ ገዝተው ጀምረውለት የሚመጡም አሉ። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1885 ሙኒክ ውስጥ ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም የአራስ ልጆችን ሰገራ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ሕፃኑ እንደተወለደ በሚወጣው ጥቁር ሰገራ ባክቴሪያ አላገኘም፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹ ይታዩ ጀመር። አንዱ ዛሬ በስሙ ኢ. ኮላይ የምንለው ነው። ልብ በሉ፦ ያገኘው በጤነኛ ሕፃናት ነው። በሰገራ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ፓሪስ ላይ ሄንሪ ቲሲየር ጡት በሚጠቡ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ቢፊዶ የሚባሉት ባክቴሪያዎች እንደሚበዙ አየ። የእናት ወተት ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው፣ እነሱን የሚመግብ ስኳር አለው።

ታዲያ ጤነኛ ሕፃን ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ እንዴት ያሳምማል? ይህ ጥያቄ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይም ተጠይቋል። ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ከስዊድናዊው ቶርክል ዋድስትሮምና ከሌሎች ጋር ሆነው ተቅማጥ የያዛቸውን ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ሰገራ መረመሩ፤ ውጤቱም በ1976 ታተመ። የፈለጉት የባክቴሪያውን ስም ብቻ ሳይሆን መርዝ ማመንጨቱን ነበር። ከኢ. ኮላይ አንዳንዱ ዓይነት አንጀትን ሳያቆስል ውኃና ጨው እንዲፈስ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል። በ1981 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የአዲስ አበባ ሕፃናት ላይ ሮታ ቫይረስም ተጠንቷል። ሮታ በ1973 ሜልቦርን ላይ የተገኘ ነው፤ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2013 ጀምራለች፤ ልጃችሁ መውሰዱን ካርዱ ላይ እዩ።

ሕፃኑን የሚገድለው ግን በአብዛኛው የውኃና የጨው ማለቅ ነው። መርዙ ውኃ ቢያስፈስስም፣ አንጀት ስኳርና ጨውን አንድ ላይ የመምጠጥ ችሎታው አይጠፋም። ኦአርኤስ የተሠራው በዚህ ላይ ነው። በ1968 ዳካ ላይ በኮሌራ ሕሙማን ተፈተነ፤ በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች ካምፕ ሲጠቀሙበት ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ግሉኮስ መስጫው አልቆባቸው ነበር እኮ! እኔን ደስ የሚለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ፕሮፌሰር ደምሴ በኋላ ያንኑ የዳካ የተቅማጥ ምርምር ማዕከል በዳይሬክተርነት መርተዋል።

አንቲባዮቲክ ደም ለተቀላቀለበት ተቅማጥና ሐኪም ለሚለያቸው ጥቂት ሁኔታዎች ነው። ያለ ምክንያት ሲሰጥ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ራሱም ያስቀምጣል። «ጥርስ ነው» ብሎ ግግ ማስወጣት ደግሞ ቁስልና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው። ጡት አታቋርጡ። ኦአርኤሱን እሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀጥሉ። ዚንኩን ከ6 ወር በታች ላለ 10፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 እስከ 14 ቀን።

ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በመንገድ ላይም እያጠባችሁ።