የሲንሲናቲ ሽምግልና

ስለ አሜሪካ ጥቁሮችና ስለ ፖሊስ ሲነሣ ከጆሯችን የሚደርሰው የጥይቱና የቃጠሎው ወሬ ነው። እሳቱ ከበረደ በኋላ ሰዎቹ ምን ተባባሉ? ይህን የሚያወጋን ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ሲንሲናቲ እንሂድ።

ከተማዋ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ናት። በባርነት ዘመን ከወንዙ ማዶ ያለው ኬንታኪ የባርነት ምድር፣ ወዲህ ያለው ደግሞ ነፃ ምድር ነበር። ሆኖም መሻገር ብቻውን ዕረፍት አላስገኘም፤ በ1829 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሥተው ብዙዎቹን ወደ ካናዳ እንዲሰደዱ አስገድደዋቸዋል። ቁስሉ የቆየ ነው ማለቴ ነው።

ከ1995 እስከ 2001 ባለው ጊዜ 15 ጥቁር ወንዶች ከከተማዋ ፖሊስ ጋር በተፈጠረ ግጭት ሞቱ። ከእነርሱ መካከል መሣሪያ የያዙም ነበሩ፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በማርች 2001 የመብት ተሟጋቾችና የጥቁሮች ኅብረት ግንባር የተባለው ማኅበር፣ ፖሊስ በዘር ያዳላል ሲሉ ከተማዋን ከሰሱ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ኤፕሪል 7 ሌሊት፣ ቲሞቲ ቶማስ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ከፖሊስ ሲሸሽ ተተኩሶበት ሞተ። መሣሪያ አልያዘም። ይፈለግባቸው ከነበሩት 14 ማዘዣዎች አብዛኞቹ የትራፊክ ጥፋቶች ነበሩ። ከተማዋ ለቀናት ታመሰች፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ።

አሁን ልብ ይበሉ። ዳኛዋ ሱዛን ድሎት ባለጉዳዮቹ ከመካሰስ ይልቅ በሸምጋይ እንዲነጋገሩ መንገድ ከፈቱ። ሸምጋዩ ጄይ ሮትማን ይባላሉ። እኛ ሽምግልና ስንል ጥቂት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው ነገሩን ይጨርሱታል። እኚህ ሰው ግን ሕዝቡን በስምንት ወገን ከፍለው፣ ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ወጣቱን፣ የሃይማኖቱን ሰው፣ ፖሊሱን ከነቤተሰቡ ጠየቁ፦ በፖሊስና በሕዝቡ መካከል ምን እንዲሆን ትሻለህ? ለምን? እንዴትስ ይሳካል? ወደ 3,500 ሰው መለሰ። በእኔ ግምት የነገሩ ቁልፍ «ለምን» የምትለዋ ናት። «ምን ትሻለህ» ሲሉት ሰው ቂሙን ያወጣል፤ «ለምን» ሲሉት ግን ስለ ልጆቹ ማውራት ይጀምራል። ፖሊሱም ልጆች አሉት።

ይሁንና በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ተኳሹ ፖሊስ በፍርድ ቤት ነፃ ተባለ። የሟችን እናት ያስቡ! እንዲህ ባለ ሰዓት «እንነጋገር» ማለት ለሐዘንተኛ ስድብ ይመስላል። ውይይት ፍርድን አይተካም፤ ይተካል የሚለንን አንመነው።

በኤፕሪል 2002 ስምምነቱ ተፈረመ፤ የፖሊሶቹ ማኅበር ሳይቀር ፈረመ። በኃይል አጠቃቀም ላይ ከፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ሌላ ውል ተደረገ። የሕዝብን አቤቱታ የሚመረምር፣ ከፖሊስ ውጭ የሆነ አካል ተቋቋመ። ፖሊስም ከማሰር አልፎ፣ ከአንድ ሰፈር ጩኸት የሚደጋገመው ለምን እንደሆነ ከነዋሪው ጋር እንዲመረምር ግዴታ ገባ።

ፊርማ ግን ፊርማ ነው። በ2005 ፍርድ ቤቱ ከተማዋ ስምምነቱን ጥሳለች አለ። ፍርድ ቤት ከኋላ ባይቆም ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ በቀረ ነበር። ክትትሉ እስከ 2008 ዘለቀ። አቤቱታ መርማሪው አካል ዛሬም ይሠራል፤ አቤቱታውም አልቆመም።