የቫኒላው ፍሬና የኤድሞን ጣት

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ከሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሰው ሁለት መዓዛዎች ይቀበሉታል። አንደኛው የቡና ሽታ ነው። ሁለተኛው ከኬክ ቤቶች ደጃፍ የሚወጣው ለስለስ ያለ የቫኒላ ሽታ ነው። ስለ መጀመሪያው የሚናገረው የሚያጣ የለም፤ የካፋን ጫካ፣ የእረኛውን የካልዲንና የፍየሎቹን ተረት ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ስለ ሁለተኛው ግን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ቫኒላ ለብዙው የከተማ ሰው የአይስ ክሬም ዓይነት፣ በትንሽ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ስም ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ስም በስተጀርባ አንድ ተክል፣ አንዲት ደሴት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የ12 ዓመት ልጅ አለ። የልጁ ታሪክ ከካልዲ ተረት ጎን ሆኖ ሲነበብ የሠራተኛው ዕውቀት በታሪክ ጸሐፊዎች እጅ ምን እንደሚደርስበት በግልጽ ያሳያል።

ለዚህ ታሪክ መነሻ ለመሆን የለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚገባ ሥፍራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ለአያሌ ዓመታት በዚሁ መሥመር ወደ ከተማዋ ሲገባ ኖሯል። የድሮው ባቡር መጓዙን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በሐሳብ ግን ሐዲዱን ተከትሎ ጅቡቲ የወረደ፣ ከዚያም የአፍሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ የተጓዘ መንገደኛ፣ ማዳጋስካርን አልፎ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ከአንዲት እሳተ ገሞራ ከወለዳት ደሴት ይደርሳል። ይህች ደሴት ዛሬ ሬዩኒዮን ትባላለች፤ የቀድሞ ስሟ ቡርቦን ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በፈረንሳይ እጅ የገባች ስትሆን፣ ዛሬም የፈረንሳይ ግዛት ናት።

በደሴቷ ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሳንት አንድሬ፣ በሳንት ሮዝና በሳን ፊሊፕ አካባቢ፣ ዝናብ በማይነጥፍበት ምድር፣ ቫኒላ የሚያለሙ ቤተሰቦች አሉ። እርሻቸው ሰፊ አይደለም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከፍሬው ሽያጭ ጎን ለጎን በክፍያ ጎብኚ ይቀበላሉ፤ ጠዋት እርሻውን ያሳያሉ፣ ቀትር ላይ ምሳ ያቀርባሉ። ጉብኝቱ የሚጀምረው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ቫኒላ ከኦርኪድ ወገን የሆነ ሐረግ በመሆኑ ብቻውን አይቆምም፤ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል። ገበሬው ሐረጉን ዝም ብሎ አይለቀውም። ከሰው ቁመት እንዳያልፍ እያጎነበሰ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ እጅ ካልደረሰበት ፍሬ አይሰጥምና።

ጎብኚውን ይበልጥ የሚስበው የአበባው ሥራ ነው። ወደ ቢጫነትና አረንጓዴነት የሚያደላው አበባ ማለዳ ይፈካል፤ ቀኑ ሳይመሽ ይጠወልጋል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ርክበ ብናኝ ካልተፈጸመለት ይረግፋል። በአበባው ውስጥ የወንዴውን ብናኝ ከሴቴው ክፍል የምትለይ አንዲት ስስ ሽፋን አለች። የቤቱ እመቤት ቀጭን ስንጥር ወይም እሾህ አንሥታ ሽፋኗን ቀና ታደርጋለች፤ ብናኙንም በአውራ ጣቷ ወደ ሴቴው ክፍል ጫን ታደርጋለች። ጎብኚው አየሁ ሳይል ሥራው ያልቃል። አበቦቹ ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይፈኩ፣ ይኸው ተግባር በአበባው ወራት በየማለዳው፣ በየአንዳንዱ አበባ ላይ ይደገማል።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። ፍሬው ለመድረስ 9 ወር ያህል ይፈጅበታል። የደረሰውም ፍሬ እንደ ፎሶሊያ የረዘመ፣ አረንጓዴ፣ ምንም ሽታ የሌለው ነው። መዓዛውን የሚያመጣው የሰው ድካም ነው። ፍሬው በ60 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዲያልበው ይደረጋል፤ ለሳምንታት በፀሐይ፣ ቀጥሎም በጥላ ይደርቃል፤ በመጨረሻም በሣጥን ተዘግቶ ለወራት ይቀመጣል። ለ1 ኪሎ ደረቅ ቫኒላ 5 ወይም 6 ኪሎ እርጥብ ፍሬ ያስፈልጋል። በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሌባ የሚፈራ ገበሬ ደግሞ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ በመርፌ እየወጋ የራሱን ምልክት ያትምበታል። ምልክቱ ፍሬው ደርቆ ከጠቆረ በኋላም አይጠፋም። ስለዚህ የፍሬው ባለቤት ማን እንደሆነ ፍሬው ራሱ ይመሰክራል።

በምሳው ገበታ ላይ በቫኒላ የተሠራ የዳክዬ ወይም የዶሮ ወጥ፣ ሩዝ፣ አደንጓሬ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ የተዘጋጀ ሩጋይ የተባለ ማባያ ይቀርባል። ቫኒላን ከጣፋጭ ጋር ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ከሥጋ ጋር ተስማምቶ ሲያገኘው ይደነቃል። ገበታው የደሴቷን ሕዝብ አመጣጥም ይናገራል። ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ ጠረፍ፣ ከሕንድ፣ ከቻይናና ከፈረንሳይ የመጡ ሰዎች በዚያች ምድር አንድ ማዕድ ሠርተዋል፤ ከእነርሱም መካከል እጅግ ብዙዎቹ በባርነት ተግዘው የመጡ ነበሩ። የቫኒላውም ታሪክ ከዚህ ባርነት ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

የተክሉ የትውልድ አገር ሜክሲኮ ነው። በዛሬው የቬራክሩዝ ግዛት፣ በፓፓንትላ አካባቢ የሚኖሩት የቶቶናክ ሕዝቦች ቫኒላን ያለሙ ነበር፤ አዝቴኮችም ከካካዋቸው ጋር ይቀምሙት ነበር። ስፔናውያን በ16ኛው ምዕተ ዓመት አገሩን ሲወሩ ቫኒላውንም ወደ አውሮፓ ወሰዱት። ተክሉ በባዕድ ምድር ቢበቅልም፣ ቢያብብም፣ ፍሬ ለመስጠት ግን እምቢ አለ። በሜክሲኮ አበባውን የሚያገናኙ ነፍሳት በሌላው ምድር አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1836 ቻርልስ ሞረን የተባለ የቤልጂክ የዕፅዋት ሊቅ በልዬዥ ከተማ አበባውን በእጁ አዳቅሎ ፍሬ አገኘ፤ ሆኖም ስልቱ ለእርሻ ሥራ የሚመች ሆኖ አልተስፋፋም። ወደ ቡርቦን ደሴትም ቫኒላ ከ1819 ዓመት ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገብቶ ነበር፤ ለ20 ዓመታት ያህል ግን ከጌጥነት አላለፈም።

ኤድሞን በዚያችው ደሴት በሳንት ሱዛን እ.ኤ.አ. በ1829 በባርነት ተወለደ። እናቱ ሜሊዝ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑን ያሳደገው ፌሬዮል ቤልዬ ቦሞን የተባለ ዕፅዋት ወዳድ ባለ ርስት ነበር። ልጁ ፊደል ባይቆጥርም ከጌታው ኋላ እየተከተለ በአትክልቱ ሥፍራ ይውል ነበር፤ የሐብሐብ አበባ በእጅ እንዴት እንደሚዳቀልም ከእርሱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1841 ቤልዬ ቦሞን ከኤድሞን ጋር ሲመላለስ ለዘመናት መካን ሆኖ በኖረው የቫኒላ ሐረግ ላይ ሁለት ፍሬዎች ተንጠልጥለው አገኘ። ልጁ አበቦቹን ያዳቀልኩ እኔ ነኝ አለ። ጌታው መጀመሪያ አላመነም፤ በፊቱ ሠርቶ ሲያሳየው ግን አመነ። የአካባቢው ባለ ርስቶችም ኤድሞንን ከእርሻ እርሻ እየጠሩ ባሪያዎቻቸውን እንዲያስተምር አደረጉ።

ውጤቱን ቁጥር ይናገራል። ሬዩኒዮን እ.ኤ.አ. በ1848 ወደ ውጭ የላከችው ቫኒላ 50 ኪሎ ያህል ነበር፤ በ1898 ግን 200 ቶን ደረሰ። ስልቱ ወደ ማዳጋስካር ተሻግሮ ያችን አገር የዓለም ቀዳሚ የቫኒላ አምራች አደረጋት። ዛሬም በሳምባቫና በአንታላሃ የሚገኙ ገበሬዎች የሚሠሩት ያ ልጅ ባሳየው መንገድ ነው።

ለኤድሞን የተከፈለው ግን ከዚህ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በታኅሣሥ 1848 እ.ኤ.አ. በደሴቷ ባርነት ሲሻር ከ60,000 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ፤ እርሱም አልቢየስ የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጠው። ይህ ስም በላቲን ቋንቋ ነጭነትን ከሚያመለክት ቃል ጋር የተዛመደ ነው። በ1849 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ለቀድሞ ባሪያ ጌቶች ካሣ ሲደነግግ፣ ለባሪያዎቹ ግን ምንም አልደነገገም። ኤድሞን ወደ ሳን ዴኒ ከተማ ሄዶ በማድ ቤት ሥራ ተቀጠረ። በ1852 በጌጣጌጥ ስርቆት ተከስሶ የ5 ዓመት የጉልበት ሥራ ተፈረደበት፤ ለቅኝ ግዛቲቱ ያበረከተው አገልግሎት ታስቦ ከ3 ዓመት ገደማ በኋላ ተለቀቀ። ቤልዬ ቦሞን ለኤድሞን መተዳደሪያ እንዲሰጠው ለመንግሥት ያቀረበው ልመና ፍሬ አላገኘም። የቫኒላው መምህር እ.ኤ.አ. በ1880 በሳንት ሱዛን በድህነት አረፈ። ከመልኩ የቀረው ሠዓሊው አንትዋን ሩሳን በ1860ዎቹ ካሳተመው የደሴቷ አልበም ውስጥ ከቫኒላ ተክል ጋር የተሣለበት ሥዕል ነው።

ከድህነቱም ይልቅ የሚያስገርመው በዕውቀቱ ላይ የተነሣው ክርክር ነው። ሪሻር የተባለ የዕፅዋት ባለሙያ፣ ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1838 ደሴቷን በጎበኘሁ ጊዜ ያሳየሁ እኔ ነኝ፣ ልጁም ተደብቆ አይቶ ይሆናል ሲል ተከራከረ። ቤልዬ ቦሞን የኤድሞንን ባለቤትነት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጽፎ ተሟገተለት። ሌሎች ደግሞ ልጁ በጌታው ተቆጥቶ አበቦቹን ሲጨፈልቅ በአጋጣሚ ያገኘው ነው እያሉ አወሩ። ሁለቱም ወሬዎች ዓላማቸው አንድ ነው። አንዱ ዕውቀቱን ከልጁ ነጥቆ ለሊቅ ይሰጣል፤ ሌላው ዕውቀትነቱን ነጥቆ ለዕድል ይሰጣል። በባርነት ያለ ጥቁር ሕፃን ተመልክቶ፣ አስቦ፣ ከሐብሐብ የተማረውን በቫኒላ ላይ ሞክሮ ሊያገኝ ይችላል ብሎ መቀበል ለዘመኑ ጌቶች ከባድ ነበር።

የስታዲየሙ መንገድ የመጀመሪያው መዓዛ እዚህ ላይ ይመለሳል። የካልዲ ተረትም በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1671 ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ የማሮን ሊቅ በሮም ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ መንጋው ቡና በልቶ እንቅልፍ ያጣበት እረኛ ተጠቅሷል፤ እረኛው ግን ስም የለውም፣ አገሩም ካፋ አይደለም። ካልዲ የሚለው ስም የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ተረት እንደ ተረትነቱ ያምራል። ነገር ግን በተረቱ ውስጥ ቡናን ያገኙት ፍየሎች ናቸው፤ እረኛው ዘልለው ሲጨፍሩ ያየ ብቻ ነው።

እውነተኛዎቹ ሰዎች ከእረኛው እጅግ የበለጠ ያውቃሉ። ፍሬውን በቅቤ አቁላልቶ ቡና ቀላ የሚያዘጋጀው ኦሮሞ፣ ቅጠሉን በሐረር ቁጢ፣ በደቡብ ምዕራብ ጨሞ ብሎ የሚያፈላው ሕዝብ፣ የጫካውን ጥላ መጥኖ ቡናውን የሚንከባከበው የካፋ ገበሬ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት በፍየል ጭፈራ አልተማረውም። በዚያው ጥላ ሥር የሚበቅለው ኮረሪማም እንዲሁ ነው። ዐረቦች የሐበሻ ሄል ብለው የሚጠሩት ይህ ቅመም፣ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በንጥር ቅቤውና በቡናው ውስጥ አለ፤ መቼ እንደሚለቀምና እንዴት እንደሚደርቅ ያወቀችው እናት ግን በየትኛውም መጽሐፍ በስሟ አልተመዘገበችም። በቴፒ የግብርና ምርምር ማዕከል ከኮረሪማ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከእርድ ጋር ቫኒላም ሲጠና ቆይቷል። የሁለቱ ቅመሞች ታሪክ በአንድ ማሳ ላይ ተገናኝቷል ማለት ነው።

በባርነቱም ረገድ አገራችን ከሬዩኒዮን ታሪክ ራሷን ልታርቅ አትችልም። የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ብዙ ነዋሪዎች ለባርነት ተዳርገዋል፤ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ጭሰኝነት ደግሞ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቆይቷል። የቡናውን ፍሬ ከለቀሙት እጆች መካከል የራሳቸው ያልነበሩ እጆች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች በፍየሎች ተረት መሸፈን ሁለተኛ በደል ነው።

በኬክ ቤቶቹ ጠርሙስ ውስጥ ያለው መዓዛ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሐረጉ የመጣ አይደለም። ጀርመናውያኑ ቲማንና ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1874 ቫኒሊንን ከጥድ ዛፍ ከሚገኝ ንጥረ ነገር ከሠሩ ወዲህ፣ የዓለም ገበያ በአብዛኛው የሚጠቀመው በፋብሪካ የተሠራውን ነው። እንዲያም ሆኖ የእጅ ሥራው አልጠፋም። በሳንት ሱዛን ለኤድሞን መታሰቢያ ቆሞለታል፤ በቤተሰብ እርሻዎቹም እመቤቲቱ ስንጥሯን ስታነሣ ስሙን ለጎብኚው ትነግራለች። ያ ስም ከደብዳቤ፣ ከክርክርና ከምስክርነት ተጠብቆ የደረሰ ነው፤ የመሰከረለት ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ እርሱም ስም የለሽ እረኛ በሆነ ነበር።

ስለዚህ የመምህሩና የጸሐፊው ተግባር በግልጽ ይታያል። ዛሬም በካፋ፣ በጋሞና በሸካ ጓሮዎች ኮረሪማውን የሚያደርቁ፣ ቡናውን የሚለቅሙ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት አሉ፤ ስማቸውን መጠየቅና መጻፍ ይቻላል። ስታዲየም አጠገብ ከተቀመጠው ጠጪ ፊት ያለው ሲኒ ከእነርሱ ጓሮ የመጣ ነው። ሬዩኒዮናዊው ገበሬ ፍሬው ሳይጠቁር ምልክቱን ያትማል፤ ከደረቀ በኋላ መርፌ አይሠራም።