የፎር ባይ ፎር መኪና ምርጫ ለከተማና ለዋግ ኽምራ መንገድ

ፎር ባይ ፎር የሚባለው የሞተሩ ጉልበት በሁለት ጎማዎች ብቻ ሳይወሰን አራቱንም እንዲያሽከረክር ተደርጎ የተሠራ መኪና ነው። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሆነችው በሰቆጣ ይህ መኪና የሥራ መሣሪያ ነው። ክትባት ወደ ጤና ኬላ፣ ዘር ወደ ገበሬ ማሠልጠኛ፣ ወላድ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በእሱ ነው። ያው መኪና ደግሞ ለስብሰባ ባሕር ዳር፣ ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ይላካል፤ በዓመት ከሚጓዘው ኪሎ ሜትር ብዙው አስፋልት ላይ ሊያልቅ ይችላል። በመሆኑም ምርጫው ሁለት ባሕርያትን በአንድ አካል የማስታረቅ ጉዳይ ነው። ሁለቱ በማይታረቁበት ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአስቸጋሪው መንገድ ነው፤ አስፋልት ላይ የሚጎድለው ምቾት ሲሆን ገደል አፋፍ ላይ የሚጎድለው ግን የሰው ሕይወት ነውና።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ወደ ዝቋላ፣ ሰሃላና አበርገሌ ሲኬድ ምድሩ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ውሃ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚተኛ፣ ከሰቆጣ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም ወደ ጋሸና የሚያወጣው መንገድ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በአንድ ቀን ጉዞ መኪናው ውርጭና ቆላ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ አቧራና ወንዝ ያገኛል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በየቦታው ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ ለማገናኘት ጥሯል። ሆኖም ክረምት ከበጋ ያስኬዳል የተባለ መንገድ ሁሉ በሐምሌና በነሐሴ ያስኬዳል ማለት አይደለም። ድልድይ የሌለው ወንዝ በደራሽ ጎርፍ ሲሞላ፣ የተቆረጠ ተራራ ሲናድ፣ የመንገዱ ትከሻ ሲታጠብ መኪናው የተሠራበት ዓላማ ይፈተናል።

በዚህ ዘርፍ መጀመሪያ የሚታወቁት እ.ኤ.አ. በ1941 ለአሜሪካ ጦር መመረት የጀመረው ዊሊስ ጂፕና በ1948 ለገበያ የቀረበው የእንግሊዙ ላንድሮቨር ናቸው። በኢትዮጵያም ላንድሮቨር ለረጅም ጊዜ የመንግሥትና የሚሲዮን መኪና ነበር። ኋላ ቦታውን የያዘው የቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ የዕርዳታ ድርጅቶች መኪና ሲባል በሰው ዓይነ ልቦና የሚመጣው እሱ ሆኗል።

ገዢ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው የጉልበት አከፋፈሉን ነው፤ ፎር ባይ ፎር የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ አሠራሮችን ይሸፍናልና። አንደኛው ሾፌሩ ሲፈልግ ብቻ የፊት ጎማዎችን የሚያስገባበት ነው። ላንድክሩዘር 70 እና ሃይሉክስ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በአዘቦቱ ቀን የኋላ ጎማዎች ብቻ ይነዳሉ፤ ጭቃ ወይም ልቅ ጠጠር ሲመጣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የትራንስፈሩ ዘንግ ወይም ማዞሪያ ይቀየራል፣ በአንዳንዶቹም የፊት ጎማ መሐል ላይ ያለው መቆለፊያ በእጅ ይጠመዘዛል። ይህ አሠራር ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ አይነዳም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ዙር ስለሚዞሩ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችል ጫናው ወደ ካርዳኑ፣ ወደ ሴሚያሱና ወደ ትራንስፈሩ ይዞራል፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ሲብስም የትራንስፈሩ ጥርስ ይሰበራል።

ሁለተኛው አሠራር ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄድ ሆኖ መሐል ላይ ልዩነቱን የሚያካክስ ተጨማሪ ዲፈረንሻል ያለው ነው፤ ፕራዶ 150 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዝናብ በራሰ አስፋልትና በተቆራረጠ መንገድ ላይ ሾፌሩ ምንም ሳይነካ ስለሚሠራ ለድብልቅ ጉዞ ከሁሉ ይመቻል፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስም መሐሉ ይቆለፋል። ሦስተኛው እንደ ራቫ ፎር ባሉ ቀላል መኪኖች የሚገኘው ነው። በመደበኛው የፊት ጎማዎች ይነዱና ሲያንሸራትታቸው ኮምፒውተሩ የተወሰነ ጉልበት ወደ ኋላ ይልካል። ለእርጥብ አስፋልትና ለደህና ጠጠር መንገድ በቂ ነው። ረጅም ዳገት በዝግታ ሲወጣ ግን የጉልበት ማከፋፈያው ሊግልና ራሱን ከሥራ ሊያወጣ ይችላል።

በዋግ መንገድ ሦስቱን የሚለያያቸው ዋናው ነገር «ኤል ፎር» የሚባለው ዝቅተኛ የማርሽ ክልል ነው። ይህ ክልል ሲገባ ጎማዎቹ በዝግታ ይዞራሉ፣ ጉልበታቸው ግን በእጥፍ ገደማና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ከጭቃ ለመውጣት ነው። የበለጠው ጥቅሙ ለቁልቁለት ነው። ወደ ተከዜ የሚወርድ መኪና በፍሬን ብቻ ቢያዝ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ በመጨረሻም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በዝቅተኛው ክልል በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ስለዚህ ሥራው ሰቆጣ ዙሪያ የሆነ ገዢ ዝቅተኛ ክልል የሌለውን መኪና፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ማውጣት አለበት። በተቃራኒው አራት ጎማ መንዳት ብቻውን የፍሬኑን የማቆም አቅም አይጨምርም። ሁሉም መኪና በአራት ጎማው ነው የሚቆመው፤ ዳገት በቀላሉ መውጣቱ ሾፌሩን ካዘናጋው አደጋው ያን ጊዜ ይመጣል።

ዲፈረንሻሉም የራሱ ድክመት አለው። ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ወደ ቀለለው ጎማ ስለሚልክ ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በአየር ላይ ከተንጠለጠሉ ፎር ባይ ፎሩም ባለበት ይሽከረከራል። በጎርፍ በተቦረቦረ መንገድ ላይ ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪና መቆለፊያ ከሌለው ባለ ብዙ ፈረስ ጉልበት መኪና ይበልጣል።

ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት ከ20 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ቁመቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የፊትና የኋላ መከላከያው ከጎማው ርቆ የወጣ መኪና ወንዝ ዳር ሲወርድ አፍንጫው ይመታል፣ ሲወጣ ጅራቱ ይጎተታል። አካሉ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ መኪና ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ መጠማዘዝን ይችላል። ሻንሲ የሌለውና አካሉ አንድ ወጥ የሆነው ደግሞ ቀላል፣ ነዳጅ ቆጣቢና አስፋልት ላይ የተረጋጋ ነው፤ በየቀኑ ኮረኮንች ላይ ሲመታ ግን ብየዳው እየላላ ይሄዳል። ባሌስትራ ጭነት ይችላል፣ ባዶውን ሲሄድ ግን ያንገጫግጫል። ሞላ ጎማውን ከመሬት ጋር ስለሚያቆይ ለተሳፋሪም ለመሪም ይሻላል። የላንድክሩዘር 70 ዝርያ የሆኑት 78 እና 79 ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ይዘው የሚሠሩት ሁለቱን ለማዋሐድ ነው።

ጎማ የብዙ ገዢ የመጨረሻ ሐሳብ ቢሆንም መሬት የሚነካው የመኪና ክፍል እሱ ብቻ ነው። የዋግ መንገድ አብዛኛው ስለታም ድንጋይ ነው፤ ጎማ የሚሞተው ከመርገጫው ይልቅ ከጎኑ ተቀዶ ነው። ስለዚህ ጎኑ የጠነከረ፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠራ ጎማ ይመረጣል። ጥርሱ የሰፋ የጭቃ ጎማ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ሲኬድ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ለማቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ካላማዳሪ ያለው 16 ቁጥር ጎማ የትኛውም ወረዳ ያለ ጎሚስታ ይጠግነዋል። ትልቅ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ስስ ጎማ ለከተማ ያምራል፣ ለጻግብጂ ወረዳ መንገድ ግን አይሆንም። ከአንድ በላይ ትርፍ ጎማ መያዝ በዚህ አካባቢ ብልኅነት ነው።

ሞተር ሲመረጥ ከፍታው ይታሰባል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ ጋሸና ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጠፍቷል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን በአብዛኛው ያካክሳል፤ በአንጻሩ ደግሞ ለአቧራና ለቆሸሸ ዘይት ስስ ነው። የላንድክሩዘር 70 ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ 1ኤችዜድ፣ ቱርቦ የለውም፤ ዳገት ላይ ይዘገያል። ሆኖም የነዳጅ ፓምፑ ሜካኒካል በመሆኑ ከበርሜል ተቀድቶ በጀሪካን የመጣ ናፍጣ ይችላል። አዳዲሶቹ ናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን እጅግ በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጩ ጥቂት ውሃ ወይም ደለል ኢንጄክተራቸውን ያበላሸዋል። ማደያ በሩቁ ባለበት አካባቢ ይህ ልዩነት ከፈረስ ጉልበት ቁጥር ይበልጣል። በዚሁ ምክንያት ላንድክሩዘር 78 ተጨማሪ ታንከር ተገጥሞለት 180 ሊትር መያዝ መቻሉ ትልቅ ብልጫ ነው።

የከተማው ወገን የሚጠይቀው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅም ላንድክሩዘር ለማቆም ቦታ ማግኘት፣ በጠባብ መንገድ መዞር፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮን ሲረግጡ መዋል ያደክማል፤ ነዳጁም ከትንሽ መኪና እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ መኪና በአስፋልት ፍጥነት በድንገት ሲጠመዘዝ የመገልበጥ ዝንባሌው ከፍተኛ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ዕቃ ደግሞ ይህን ያብሰዋል። በተለይ ሰውን ፊት ለፊት የሚያስቀምጡት የሃርድቶፕ (የላንድክሩዘር 78) የኋላ አግዳሚዎች ብዙ ጊዜ ቀበቶ የላቸውም፤ ከሰቆጣ ደሴ በዚያ ላይ ሰው መጫን ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

እነዚህ ሚዛኖች ሲደመሩ ምርጫው ይጠባል። ሳምንቱን በሙሉ ወረዳ ለሚውል ድርጅት ላንድክሩዘር 76 ወይም 78 ተወዳዳሪ የለውም። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልስ ይበቃል፤ ነገር ግን ሃይሉክስ በሁለት ጎማ የሚነዳም ስለሚመረት ትራንስፈሩን ማየት ያስፈልጋል። እኩል ለእኩል ከተማና ገጠር ለሚነዳ ግለሰብ ከሁሉ የሚስማማው ፕራዶ ነው፤ ዋጋው ብቻ ብዙውን ሰው ያስቀረዋል። ሱዙኪ ጂምኒ ትንሽ ቢሆንም ሻንሲ፣ ዝቅተኛ ክልልና 4.9 ሜትር ብቻ የሆነ የመዞሪያ ሬዲየስ አለው። ለሁለት ሰው ለከተማም ለዳገትም ይሆናል፣ ቤተሰብና ጭነት ግን አይችልም። ቪታራ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። የ1988 እ.ኤ.አ. ቪታራና ባለ ዝቅተኛ ክልሉ ግራንድ ቪታራ የገጠር መኪኖች ናቸው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው ቪታራ ዝቅተኛ ክልል የሌለው የከተማ መኪና ነው። ቁመናው ፎር ባይ ፎር የሚመስለው አዲሱ ቶዮታ ራሽም በኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል።

የመለዋወጫ ጉዳይ ምርጫውን ብዙ ጊዜ ይወስናል። ቶዮታ በሞኤንኮ ኩባንያ በኩል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ስለተሸጠ ክፍሎቹ ከመርካቶ እስከ ወልዲያ ይገኛሉ፤ መካኒኩም ያውቀዋል። ብርቅ የሆነ መኪና በርካሽ የገዛ ሰው ለአንድ ሴንሰር ሳምንታት ይጠብቃል፣ መኪናውም ሰቆጣ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ዋጋውን ደግሞ ሕግ ቀይሮታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በትልልቅ ሞተሮችና በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ ሳቢያ ብዙው ገዢ ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች አዞረ። ሌላው አማራጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የሞተሩን ጉልበት ከፍታ አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ብዙም ሳይነካ ባትሪውን እየሞላ ይወርዳል። በዚህ ረገድ ለዋግ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ባትሪው ከሆዱ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ ድንጋይ ይፈራል፤ በጉዞ መሐል የሚሞላበት ጣቢያ እስኪስፋፋም ድረስ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚሠራ ብቸኛ መኪና ሊሆን አይችልም።

ያገለገለ ፎር ባይ ፎር ሲገዛ የቀለሙ ማማር አያሳምንም። መኪናው ተነሥቶ ሻንሲው ላይ የብየዳና የስንጥቅ ምልክት ይፈለጋል፤ የባሌስትራው ቅጠል፣ የካርዳኑ መስቀሎችና የፊት ጎማ ኳሶች ላይ ያለው ልቅነት በእጅ ይሞከራል። የዲፈረንሻል ዘይት ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በመጨረሻም መኪናው ወደ ጠጠር ዳገት ተወስዶ ዝቅተኛው ክልል ይገባል፣ መቆለፊያው ይሞከራል፣ በዚያው ማርሽ ፍሬን ሳይረገጥ ቁልቁል ይለቀቃል። ለዓመታት ከተማ ብቻ የተነዳ መኪና ትራንስፈሩ ዝጎ የማይገባ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ፈተና ነው፤ ሻጩ «ገጠር አይቶ አያውቅም» ብሎ ያወደሰው መኪናም ቢሆን ይህን ሳያልፍ ክፍያ አይፈጸምም።